በመሳቢያ የተቀመጠ ጥናት

ሰው የሚናገረው ሰሚ ለማግኘት ነው። ሰሚ የሌለው ንግግር፣ ቃሉ የቱን ያህል የተመረጠ፣ አሳቡም የቱን ያህል የጠለቀ ቢሆን፣ ከነፋስ ጋር ሄዶ ይቀራል። የጥናት ጽሑፍም ከዚህ የተለየ ዕድል የለውም። ከየዩኒቨርስቲዎቻችን በየዓመቱ የሚመረቁት ወጣቶች በብዙ ድካም ያዘጋጁትን የመመረቂያ ጽሑፍ አስጠርዘው አንዱን ቅጂ ለትምህርት ክፍላቸው፣ አንዱን ለቤተ መጻሕፍት ያስረክባሉ፤ አንዱን ደግሞ ወደ ቤታቸው ወስደው በመሳቢያ ያስቀምጡታል። ከዚያ በኋላ ሥራ ይያዛል፣ ትዳር ይመጣል፣ ዓመታት ያልፋሉ፤ ጽሑፉ ግን ከመሳቢያው ሳይወጣ ይኖራል። ባለቤቱ የደረሰበትን ነገር ሌላው ሰው ሳያውቀው ይቀራል፤ ከርሱ በኋላ የሚመጣውም ተማሪ ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ከሥሩ ይጀምረዋል።

ይህ ጉዳት በማናቸውም የትምህርት ዓይነት ላይ የሚደርስ ነው። ነገር ግን ባህላቸው የተለያየ ሰዎች እንዴት እንደሚግባቡና ለምን ሳይግባቡ እንደሚቀሩ በሚመረምረው ትምህርት ላይ ሲደርስ የባሰ ይሆናል። ስለ መግባባት የተጻፈ ጥናት ራሱ ከማንም ጋር ሳይነጋገር መቅረቱ ያሳዝናል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን፣ በዩኒቨርስቲ አነጋገር «በይነ ባህላዊ ተግባቦት» የሚባለውን ጥናት አጥንቶ «ጆርናል» ወደሚባለው የጥናት መጽሔት ለመላክ የሚያስብ ተማሪ ወይም ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ለማስረዳት እንሞክራለን። የምንነሣውም ከሩቅ አገር ሳይሆን ከዚሁ ከአዲስ አበባ እምብርት፣ ከቂርቆስ ክፍለ ከተማ ነው።

ቂርቆስን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሰፈሮቹ ስሞች ብቻ እንኳ የሕዝብና የሕዝብ መገናኘት ታሪክ ናቸው። ኢጣልያ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባን በያዘችበት ጊዜ፣ ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ የሚያሠራውና ባጭሩ «ኢንቺስ» እየተባለ የሚጠራው ድርጅት በአንድ ሰፈር ቤቶች አቆመ። ሰፈሩም «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለት «የኢንቺስ ቤቶች» ተባለ፤ ይህም በአዲስ አበባ ሰው አንደበት ተለውጦ ካዛንቺስ ሆነ። ለገሃርም እንዲሁ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ ፈረንሳዮች ጣቢያን «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው ሕዝብ ቃሉን በራሱ አንደበት አለስልሶ ለገሃር አለው። ወራሪው ሄደ፤ ባቡሩም ሌላ መስመርና ሌላ ጣቢያ አገኘ፤ ስሞቹ ግን የኛ ሆነው ቀሩ።

በካዛንቺስ ከነበሩት አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ተነሥተዋል፤ ነዋሪዎቻቸውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውረዋል። እንግዲህ ከዚያ በፊት የዚህን ሰፈር ሰው አነጋገር፣ የጉርብትናውን ልማድ፣ ከውጭ አገር ሰው ጋር የሚገበያይበትንና የሚጫወትበትን መንገድ መዝግቦ የያዘ ተማሪ ቢኖር፣ በመሳቢያው ያለው ወረቀት ዳግመኛ ሄዶ የማይለቅመው ነገር ነው። ለጥናት ጊዜ እንደ ገንዘብ ነው፤ ካለፈ አይመለስም።

በዚሁ በካዛንቺስ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይገኛል። ኮሚሽኑ በ1950 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ አርክቴክቱ አርቱሮ መዜዲሚ ንድፉን ያወጡለት የአፍሪካ አዳራሽ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በቅርቡም ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደ ገና ተከፈተ። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር የተፈረመው በዚህ አዳራሽ ነው። ቻርተሩ ስለ ሥራ ቋንቋ ሲናገር፣ የሚቻል ሲሆን የአፍሪካ ቋንቋዎችን፣ ከነርሱም ጋር እንግሊዝኛንና ፈረንሳይኛን ይጠቅሳል። «የሚቻል ሲሆን» የምትለው አነጋገር ብቻዋን የአንድ ጥናት ርእስ ለመሆን ትበቃለች። በዚህ አካባቢ በየቀኑ አስተርጓሚው፣ ጸሐፊዋ፣ ሾፌሩ፣ የሆቴል አስተናጋጁና የጽሕፈት ቤት ኃላፊው ከብዙ አገር ሰዎች ጋር ይነጋገራሉ። ሌላው ተመራማሪ ባሕር ተሻግሮ የሚፈልገውን ጉዳይ የቂርቆስ ወጣት በምሳ ሰዓት ያገኘዋል።

ይህን ጉዳይ ራሱን የቻለ ትምህርት ካደረጉት ሰዎች አንዱ አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ኤድዋርድ ሆል ናቸው። ወደ ውጭ አገር ለሚላኩ የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኞች ያስተምሩ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1959 «ዝምተኛው ቋንቋ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። ሰው በቃል ብቻ ሳይሆን በሰዓት አያያዙ፣ ከባልደረባው በሚቆምበት ርቀትና በዝምታው ጭምር እንደሚናገር አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ሁሉ በግልጽ ቃል የሚናገሩትን ባህሎች፣ አብዛኛውን አሳብ ከቃሉ ይልቅ ለሁኔታው ከሚተዉት ባህሎች ለይተው አሳዩ።

የኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። አንድ የውጭ አገር ባልደረባ «ይህ ሥራ እስከ ዓርብ ይደርሳልን?» ብሎ ሲጠይቅ ኢትዮጵያዊው «እሺ» ይለዋል። ጠያቂው የተቆረጠ ቃል የተቀበለ ይመስለዋል፤ የኛው ሰው ግን «ሰምቼሃለሁ፣ እሞክራለሁ፣ ፊት ለፊት እምቢ ብዬ አላሳፍርህም» ማለቱ ሊሆን ይችላል። ዓርብ ሲደርስ አንዱ «ዋሸኝ» ይላል፤ ሌላው ደግሞ «ለምን ይቆጣል?» ይላል። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎን» የሚለውንም ሰው ልማዱን የማያውቅ እንግዳ የደነገጠ ይመስለዋል። «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ» እና «እርስዎ» በመባባል መካከል ያለው ልዩነት ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲተረጎም በአንዲት ቃል ውስጥ ይጠፋል። እነዚህ ነገሮች ትንንሽ ይመስላሉ፤ ሆኖም ሥራ የሚቃናውም የሚበላሸውም በነዚሁ ነው።

የትንሿ ቃል ጥፋት የቱን ያህል ትልቅ ሊሆን እንደሚችል ከታሪካችን በላይ የሚመሰክር የለም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል በ17ኛው አንቀጹ ላይ በአማርኛውና በኢጣልያንኛው መካከል ልዩነት ነበረበት። አማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎ ጻፈው። ኢጣልያ ይህን ይዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለዓለም አስታወቀች። ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ በደም ተፈረደ። በርግጥ ጠቡ የቋንቋ ብቻ አልነበረም፤ የግዛት ምኞት ነበረበት። ቢሆንም «መቻል» እና «መገደድ» የተባሉት ሁለት አሳቦች ድንበራቸው ሲፈርስ ምን እንደሚመጣ ለማስተማር ይህ በቂ ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ ታላቅ፣ ምሳሌውም በእጃችን ከሆነ፣ ስለኛ የሚጽፈው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1649 ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ በሮማ ከተማ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ተገናኙ። አባ ጎርጎርዮስ የአማራው አገር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ። ሉዶልፍ ግእዝን ያወቁት ከመጽሐፍ ነበርና፣ ሁለቱ የተነጋገሩት በመጀመሪያ እየተቸገሩ በዚያው በግእዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1652 አባ ጎርጎርዮስ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ተጋብዘው ሄደው የአገራቸውን ቋንቋ፣ ታሪክና ልማድ አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ ሞቱ። ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተሙ። ሉዶልፍ የመምህራቸውን ስም አልደበቁም፤ በክብር ጠቅሰዋቸዋል። ይሁን እንጂ መጽሐፉ የሉዶልፍ ሆኖ ይኖራል። በዕውቀት ዓለም ባለቤት የሚባለው ብዙ ጊዜ ያወቀው ሳይሆን የጻፈው ነው።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ደግሞ ዶክተር ዶናልድ ሌቪን ይገኛሉ። እኒህ አሜሪካዊ ምሁር በመንዝ ተቀምጠው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ አወጡ። የአማራው ሰው ነገሩን ሸፈን አድርጎ፣ በሁለት ትርጉም መናገሩን የጥናታቸው ማዕከል አደረጉት፤ ይህም አነጋገር ለዘመናዊ ሥራ እንቅፋት የሚሆንበትን ሁኔታ ገለጡ። ብዙ ሳይቆይ አቶ ገዳሙ አብርሃ «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ጠንካራ ሂስ ጻፉ። ሌቪንም ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጡት ሌላ መጽሐፍ የሁለት ትርጉም ንግግር በሰው ኑሮ ውስጥ ጥቅምና ክብር እንዳለው ተከራከሩ። አበው «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። አቶ ገዳሙ ቅር መሰኘታቸውን በቡና ቤት ተናግረውት ቢቀር ኖሮ ዛሬ የሚያነበው አይኖርም ነበር፤ በመጽሔት ስለ ታተመ ግን ሌቪንን የሚያነብ ሰው እርሳቸውንም ያነባል።

ለመሆኑ የጥናት መጽሔት ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1665 የሎንዶኑ የሳይንስ ማኅበር ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ ከየአገሩ የሚደርሷቸውን የሊቃውንት ደብዳቤዎች ሰብስበው በየጊዜው ማሳተም ጀመሩ። በዚያው ዓመት ጥቂት ቀደም ብሎ በፓሪስም እንዲህ ያለ መጽሔት ተጀምሮ ነበር። ስለዚህ የጥናት መጽሔት ሥረ መሠረቱ ደብዳቤ ነው፤ ሩቅ ላለና ለማያውቀን ሰው የሚጻፍ ደብዳቤ። ከጊዜ በኋላ አዘጋጁ የመጣለትን ጽሑፍ ከማሳተሙ በፊት ጉዳዩን ለሚያውቁ ሌሎች ምሁራን እየላከ ማስመርመር ልማድ ሆነ። ዛሬ በብዙ መጽሔቶች ዘንድ ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም አያውቅም፤ ጸሐፊውም የገምጋሚውን አያውቅም። ለኛ አገር ወጣት ይህ መልካም ዕድል ነው። ዕድሜው፣ ማዕረጉ፣ ዘመዱ አይታይለትም፣ አይታይበትምም፤ የሚታየው ጽሑፉ ብቻ ነው።

በአገራችንም ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በ1955 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ «የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት» በዚያው ዓመት ታትሞ ወጣ። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና ስታኒስላቭ ኾይናትስኪ ከመሥራቾቹ ነበሩ። መጽሔቱ ከእንግሊዝኛው ጋር የአማርኛ ጽሑፎችንም ያስተናግዳል። ከውጭም «ዓለም አቀፍ የባህሎች ግንኙነት መጽሔት» ብለን ልንተረጉመው የምንችለው በእንግሊዝኛ የሚታተም መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ በዚሁ ጉዳይ ላይ ይወጣል። ከአፍሪካ የሚወጡ መጽሔቶችን በአንድነት የሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የአፍሪካ ጆርናሎች የኢንተርኔት መዝገብም አለ። እንግዲህ በሩ ብዙ ነው፤ የሚያስፈልገው የሚገባበትን በር መለየት ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መጽሔቱን መምረጥ ነው። ሰው ወደማያውቀው ቤት ሲሄድ አስቀድሞ የቤቱን ሥርዓት እንደሚጠይቅ፣ ጸሐፊውም የመጽሔቱን ዓላማና የጸሐፊዎች መመሪያ ማንበብ አለበት። ከዚህም ጋር የቅርብ ጊዜ ሦስት አራት እትሞችን ቢያነብ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚወደድ፣ ጽሑፉ ስንት ቃል እንደሚሆን፣ ጥቅሱ እንዴት እንደሚጻፍ ይገባዋል። ብዙ ጽሑፍ ገምጋሚ ዘንድ ሳይደርስ የሚመለሰው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ቦታው ስላልሆነ ነው። አንዱንም ጽሑፍ በአንድ ጊዜ ለሁለት መጽሔት መላክ በዚህ ዓለም እንደ ነውር ይቈጠራል፤ አንዱ «አይሆንም» እስኪል መጠበቅ ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ጽሑፉን ማሳጠር ነው። መቶ ገጽ የሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዳለ አይላክም። ከውስጡ አንድ ጥያቄ ይመረጣል። «በካዛንቺስ ያሉ የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች መግባባት» የሚለው ርእስ እጅግ ሰፊ ነው፤ «እሺ የሚለው ቃል በጋራ ስብሰባ ላይ እንዴት ይነገራል፣ እንዴትስ ይሰማል?» የሚለው ግን አንድ ሰው ጨብጦ ሊጨርሰው የሚችል ነው። በጽሑፉ ራስ ላይ የሚቀመጠው አኅጽሮተ ጥናት፣ ጥያቄው ምን እንደ ነበረ፣ በምን ዘዴ እንደ ተጠና፣ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደሚጠቅም ባጭሩ መናገር ይገባዋል። «ይህ ጥናት የተለያዩ ጉዳዮችን ይዳስሳል» ብሎ ማለፍ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም።

ሦስተኛው የቃል ጥንቃቄ ነው። «ይሉኝታ» የሚለውን ቃል አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ «እፍረት» ብሎ ቢተረጉመው ግማሹ አሳብ ይወድቃል። ይሉኝታ ሰው ምን ይለኛል ከሚለው ፍርሃት ጋር ለሌላው መጠንቀቅን፣ ጨዋነትንና ራስን መግታትን አስተባብሮ የያዘ ነው። እንዲህ ያለውን ቃል በራሱ መልክ ትቶ፣ ከተነገረበት ምሳሌ ጋር አብራርቶ ማቅረብ የተሻለ ነው። ቃለ ምልልሱ «ከጧቱ በ3 ሰዓት» የተደረገ ከሆነም፣ የውጭ አገር አንባቢ ሌሊት እንዳይመስለው በርሱ አቆጣጠር 9 ሰዓት መሆኑን መግለጽ ያሻል፤ በዓመቱም እንዲሁ በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት አለ።

በስም ረገድ ደግሞ ብዙዎች ሳያስቡት የሚቸገሩበት ነገር አለ። የመጽሔቱ ፎርም «የቤተሰብ ስም» ብሎ ይጠይቃል፤ የኛ ሰው ግን የአባቱ ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለውም። ከበደ አበበ የተባለ ሰው አንድ ጊዜ «አበበ»፣ ሌላ ጊዜ «ከበደ» ተብሎ ቢመዘገብ፣ ሥራው ለሁለት ሰው ይከፈላል፤ በአባቱ ስም ብቻ ከተጠራም የተመሰገነው አባቱ ይሆናል። በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔቶች ዘንድ ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መጥራት የታወቀ ልማድ ነው። ሌሎቹ ግን ይህን ላያውቁ ይችላሉና፣ ጸሐፊው ከመጀመሪያው አንድ አጻጻፍ መርጦ እስከ መጨረሻው በዚያው መጽናት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረውና «ኦርኪድ» የሚባለው ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር በነፃ የሚሰጠው መዝገብም ለዚህ ችግር ትልቅ መድኃኒት ነው።

ያነጋገሩን ሰዎች ክብርም መዘንጋት የለበትም። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት ፈቃዳቸው መጠየቅ፣ የተቋሙም የሥነ ምግባር ኮሚቴ መፍቀድ ይገባዋል። ስም ከመደበቅ አልፎ ማንነትን መደበቅ ያሻል። አምስት ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ «ከአንድ የምዕራብ አፍሪካ አገር የመጣችው ኃላፊ» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ያመነንን ሰው በእንጀራው ላይ አደጋ ማምጣት ከማናቸውም ዕውቀት የሚበልጥ ጥፋት ነው።

ጽሑፉ ተልኮ ወራት ካለፉ በኋላ የገምጋሚዎቹ ደብዳቤ ይመጣል። ብዙ ጥናት ተመልሶ ወደ መሳቢያ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በኛ አገር ልማድ የሰውን ሥራ የሚነቅፍ ሽማግሌ አስቀድሞ ያመሰግናል፣ ይመርቃል፣ ከዚያም በኋላ ጥፋቱን ለስለስ አድርጎ ያመለክታል። የገምጋሚው ደብዳቤ ግን «መከራከሪያ አሳቡ ግልጽ አይደለም»፣ «የተጠያቂዎቹ አመራረጥ አልተብራራም»፣ «ድምዳሜው ከማስረጃው አልፏል» ብሎ ቀጥታ ይጀምራል። ወጣቱ ይህን ሲያነብ የተሰደበ ይመስለዋል። አልተሰደበም፤ በሌላ ባህል ተነገረው እንጂ። ስለ ባህሎች መግባባት ያጠናው ሰው ትምህርቱን በራሱ ላይ የሚፈትንበት ሰዓት ይህ ነው።

በዚህ ጊዜ ሦስት ስሕተቶች ይታያሉ። አንደኛው ተቆጥቶ ኃይለ ቃል መመለስ ነው። ሁለተኛው አፍሮ ዝም ማለት ነው፤ «አሻሽለህ መልስ» መባል በሩ ክፍት መሆኑን የሚያሳይ የምሥራች ሳለ፣ ብዙው ሰው «አይሆንም» የተባለ መስሎት ይተወዋል። ሦስተኛው በይሉኝታ ሁሉን መቀበል ነው። ገምጋሚው ሩቅ አገር ያለ ሊቅ ስለሆነ፣ ስለ አማርኛ የተናገረው ስሕተት እንኳ ሳይቀር እውነት ተደርጎ ይጻፋል። ከሁሉ የከፋው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ብቻ የሚያውቀው ነገር በራሱ እጅ ይጠፋል።

ትክክለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። አስተያየቶቹን በቁጥር መለየት፤ ለእያንዳንዱ በተራው መልስ መጻፍ፤ የተስተካከለውን በየትኛው ገጽ እንደ ተስተካከለ ማመልከት፤ የማይቀበሉትን ደግሞ በትሕትና፣ ግን በማስረጃ ማስረዳት። ለምሳሌ ገምጋሚው «ይሉኝታን በተለመደው የእንግሊዝኛ ቃል ለውጠው» ቢል፣ ጸሐፊው «ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ከተጠያቂዎቹ መካከል እነዚህ ሦስቱ ቃሉን ለአክብሮት እንጂ ለእፍረት እንዳልተጠቀሙበት ከንግግራቸው ይታያል፤ ይህንንም በጽሑፉ ላይ አብራርቻለሁ» ሊል ይችላል። ለማክበር እሺ ማለት የግድ አይደለም። ጨዋነትን ከግልጽነት ጋር ማስማማት ማለት ይህ ነው። ጽሑፉ በመጨረሻ ባይቀበሉትም እንኳ፣ ሁለት ሊቃውንት በነፃ አንብበው ያረሙት ሥራ ለሚቀጥለው መጽሔት የተሻለ ሆኖ ይሄዳል።

አሁን አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። መምህራን የማዕረግ ዕድገት የሚያገኙት ጥናት ሲያሳትሙ መሆኑን የሚያውቁ ነጋዴዎች በዓለም ላይ በዝተዋል። ሳይጠሩ በኢሜይል ይመጣሉ፤ «የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብለው ገና የተመረቀውን ወጣት ያወድሳሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ እናትምልዎታለን ይላሉ፤ በኋላም የዶላር ሒሳብ ይልካሉ። አሜሪካዊው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ጄፍሪ ቢል እ.ኤ.አ. በ2010 እነዚህን «አዳኝ አሳታሚዎች» ብለው ጠሯቸው። ምስጋናው ለኛ ባህል ጣፋጭ ስለሆነ ወጥመዱ ይይዛል። በዚህ መንገድ የታተመ ጥናት እውነተኛ ገምጋሚ አላየውም፤ እንደ ገናም በደኅና መጽሔት ሊታተም አይችልም። ገንዘቡም ድካሙም በአንድነት ይጠፋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ የአዘጋጆቹን ስም፣ የታተሙትን ጽሑፎች፣ አድራሻውንና በታመኑት መዝገቦች ውስጥ መኖሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባል። እርግጥ ነው፣ ክፍያ የሚጠይቅ ሁሉ አታላይ አይደለም፤ ደኅና መጽሔቶችም የሚያስከፍሉበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ብዙዎቹ ታላላቅ አሳታሚዎች ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች ለሚጽፉ ሰዎች ክፍያውን ይምራሉ ወይም ይቀንሳሉና፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ብልህነት ነው።

ከዚህ ጋር የዘመኑን መሣሪያ ነገር ሳናነሣ አናልፍም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የተባለው መሣሪያ የእንግሊዝኛን ሰዋስው ያርማል፣ ይተረጉማልም። ብዙ መጽሔቶች መሣሪያው እንደ ጸሐፊ እንዳይቈጠር፣ የተጠቀመበትም ሰው እንዲያስታውቅ ያዝዛሉ። ቋንቋን ማስተካከል አንድ ነገር ነው፤ አሳብን ማስተካከል ግን ሌላ ነው። «እሺ» በካዛንቺስ ስብሰባ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው በዚያ ተቀምጦ የሰማው ሰው ነው።

በመጨረሻም፣ የውጭው መጽሔት በር መከፈቱ የአገሩን ቤት መዝጋት መሆን የለበትም። በእንግሊዝኛ የታተመው ጥናት ለሩቅ ምሁር ይደርሳል፤ ለጥናቱ ቃላቸውን የሰጡት ጸሐፊ፣ ሾፌርና አስተርጓሚ ግን ላያነቡት ይችላሉ። ስለዚህ የጥናቱን ፍሬ በአማርኛ በሁለት ሦስት ገጽ ጽፎ ለተጠናው ጽሕፈት ቤት መስጠት፣ ወይም ለአገር ውስጥ መጽሔት መላክ የጸሐፊው ዕዳ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ቢሆኑ ይህን ዓይነቱን ጥናት አንብበው፣ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥሩና ከውጭ አገር ድርጅቶች ጋር ሲዋዋሉ ቢጠቀሙበት፣ ብዙ ቅያሜና ብዙ የባከነ ሰዓት ይተርፋል። መምህራንም ተማሪያቸው ሲመረቅ ሥራቸው ያለቀ ሳይመስላቸው፣ ጽሑፉ እስኪታተም ድረስ ቢከታተሉት መልካም ነው።

ወጣቶች ሆይ፣ አባ ጎርጎርዮስ አገራቸውን ለማስረዳት ባሕር ተሻገሩ፤ በመንገድም ቀሩ። የዛሬው ተማሪ ይህን ሁሉ መከራ ሳያይ ቂርቆስ ተቀምጦ ጽሑፉን በአንድ ምሽት ወደ ዓለም ዳርቻ መላክ ይችላል። ከርሱ የሚጠበቀው መሳቢያውን መክፈት፣ ከተጠረዘው ጽሑፍ አንድ ጥያቄ መምረጥ፣ የሚስማማውን መጽሔት ማንበብ፣ ከዚያም የሚመጣውን ነቀፋ በትዕግሥት መቀበልና በድፍረት መመለስ ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ሊመለስ ይችላል፤ ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል። ስለ ራሳችን የምናውቀውን እኛው ካልጻፍነው ግን፣ ሌላው ሰው በገባው መጠን ይጽፈዋል፤ ልጆቻችንም ያንኑ አንብበው ያምኑታል።